የመንገደኛ ጓዝ በማን ትከሻ?

ወደ ጅቡቲ ነፃ የንግድ ቀጠና የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮት የሚጓዝ አንድ ወረቀት አለው። ነጋዴውና ትራንዚተሩ «ፓኪንግ ሊስት» ይሉታል። በሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ብዛቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ጠቅላላ ክብደቱና የተጣራ ክብደቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ይዘረዝራል። ጠቅላላው ዕቃው ከነማሸጊያው ሲመዘን ነው፤ የተጣራው ደግሞ ማሸጊያው ተቀንሶ ዕቃው ብቻውን ሲመዘን። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ በጀመረው ነፃ ቀጠናም ሆነ በሐምሌ 2018 በተመረቀው ሰፊው ዓለም አቀፍ ቀጠና ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን ወረቀት እንደ መዳፉ ያውቀዋል። ወረቀቱ ትክክለኛ ነው፤ ጠቃሚም ነው። ይሁንና አንድ ጥያቄ ከቶ አይገኝበትም፦ ይህን ሁሉ የሚሸከመው ማን ነው?

በንግድ ሥራ ጥያቄው ባይነሣ አያስገርምም። ለከባዱ ክሬን አለ፤ ለቀላሉ ፎርክሊፍት አለ፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው በጋላፊ በኩል በከባድ መኪና፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት በጀመረው የባቡር መስመር ወደ መሐል አገር ይወጣል። ነገር ግን ሰው ራሱ መንገደኛ ሲሆንና የራሱን ጓዝ ሲያሰናዳ ይህን ጥያቄ ዘልሎ ማለፍ ይገባዋልን? ጓዝ ማሰናዳት የልምድና የብልኃት ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ሥነ ምግባር ነክ ጥያቄ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በቀጠናው ከሚገኙት የትራንዚት ቢሮዎች በአንዱ የሚሠራ፣ የዓመት ፈቃዱን አጠራቅሞ ራስ ዳሸንን ለመውጣት የቆረጠ አንድ ሰው አለ እንበል። ጉዞው ለታኅሣሥ የታሰበ ነው፤ ዝርዝሩን የሚጽፈው ግን በነሐሴ፣ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት ነው። ላቡን እየጠረገ «የሱፍ ሹራብ» ብሎ ይጽፋል። ሰውነቱ የማያውቀውን ብርድ በአእምሮው ብቻ ለመገመት ይሞክራል። ሰውነት የማያውቀውን ነገር አእምሮ ሲገምት ወይ ያሳንሰዋል፣ ወይ ያጋንነዋል። ዝርዝሩ ላይ የሚታየው ስሕተት ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ስለ ተራራው የሚታወቀው ነገር ግን ግልጽ ነው። ራስ ዳሸን ከባሕር ወለል በላይ 4,533 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከጅቡቲ ወደብ እስከ ጫፉ ድረስ ከፍታው ብቻ ወደ 30 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውኃ ይረጋል። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው 60 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ደረት ቢሰፋም የሚያገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። ጉዞው እንደ ወትሮው ከደባርቅ ይነሣል፤ በሳንቃበር፣ በግጭ፣ በጨነቅ፣ በቧሂት በኩል አልፎ ወደ አምቢቆ ይወርድና እንደገና ይወጣል። ብዙ ሌሊት ከ3,000 ሜትር በላይ ማደር ግድ ይላል። ከዚያ ከፍታ በላይ የማደሪያን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር የተራራ ሐኪሞች የሚስማሙበት ምክር ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲበረታ ዋናው መድኃኒት መውረድ ነው። እንግዲህ ከባሕር ዳር ለሚመጣ ሰው ከዕቃ ሁሉ የሚቀድመው ዕቃ ያልሆነ ነገር ነው፤ ጊዜ። ሁለት ቀን መጨመር ሁለት ሹራብ ከመጨመር ይበልጣል።

ከጊዜም የሚቀድም አለ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተካሄደው ግጭት ብዙ መንገዶችን አደገኛ አድርጓል። ስለዚህ ከጉዞ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከአካባቢው ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ የሚጻፍ ነው። እርሱ ካልተሟላ የተቀረው ዝርዝር መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።

ሰላም ሆኖ ጉዞው ተቃንቷል እንበል። ሰውየው ምን ይያዝ? ልብሱ በድርብርብ ይሁን፦ ከገላ ላይ ላብ የማይቋጥር ስስ ልብስ፣ በላዩ ሙቀት የሚይዝ ሱፍ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት መያዙን ያቆማል፤ ስለዚህ ጋቢ ለደረቅ ሌሊት ወዳጅ ቢሆንም በዝናብ ውስጥ ለሚጓዝ ሰው አይበጅም። ደገኛው ከበግ ጠጉር የተሠራ ባናና በርኖስ መውደዱ ያለ ምክንያት አይደለም። ጫማው አዲስ መሆን የለበትም፤ ከጉዞው ሳምንታት በፊት ተረግጦ ከእግር ጋር የተስማማ ይሁን። ከዜሮ በታች የሚያስተኛ የመኝታ ከረጢት፣ ከመሬት ብርድ የሚለይ ፍራሽ፣ የግንባር ባትሪ፣ ኮፍያና ጓንት፣ ፀሐይ የሚከላከል ቅባትና መነጽር፣ ሁለት ሊትር የሚይዝ የውኃ ዕቃና ውኃውን የሚያጣራ መድኃኒት፣ ቁስል ማሰሪያ ያስፈልጋል። ለስንቅ ከውጭ የመጣ የታሸገ ምግብ ማሰስ አያሻም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽ ቀላል፣ የማይበላሹና ብዙ እሳት የማይጠይቁ ናቸው። በመጨረሻ የራሱን ቆሻሻ መልሶ የሚያወርድበት ከረጢት ይያዝ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አስተዋይ ሰው የሚስማማበት ነው። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ሰውየው ብዕሩን አላስቀመጠም። «ምናልባት» ብሎ ያስባል። ምናልባት ሁለተኛ ካፖርት። ምናልባት ከምሳ በኋላ የሚቀመጥበት ተጣጣፊ ወንበር። ምናልባት ትልቅ ሬዲዮ። ምናልባት ሦስት መጽሐፍ። «ምናልባት» የምትባለው ቃል ራሷ ክብደት የላትም፤ የምታስከትለው ዕቃ ግን ኪሎ በኪሎ ይደመራል። ወዳጆቹም ይጨምሩበታል፤ አንዱ «ይህን ሳትይዝ እንዳትሄድ» ይላል፣ ሌላው «ያን ግዛ» ይላል። አባቶች «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» ያሉት እንዲህ ያለውን መካሪ ታዝበው ነው። ምሳሌው ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም፤ አሞሌ ጨው ወደ ደጋ ይወጣ የነበረው ከአፋር ምድር ነውና። መካሪው ዋጋውንም አይከፍል፣ ክብደቱንም አይሸከም። ስለዚህ ምክሩ ወሰን የለውም።

አሁን ግን ይበልጥ የሚያሳስበው ነገር ይመጣል። ወሰን የሌለው የወዳጆቹ ምክር ብቻ ሳይሆን የራሱ የመንገደኛው ፍላጎትም ጭምር ነው፤ ምክንያቱም እርሱም አይሸከምም። በስሜን ተራራ ጉዞ እንደ ልማዱ ጓዝ የሚጫነው በበቅሎ ነው። ባለበቅሎ አለ፤ መንገድ መሪ አለ፤ መሣሪያ የያዘ ስካውት አለ፤ ብዙ ጊዜም ምግብ አብሳይ ይጨመራል። መንገደኛው በጀርባው የሚያዝለው ትንሽ ሻንጣ፣ ውኃውንና ካሜራውን ብቻ ነው። ተጣጣፊውን ወንበር በራሱ ጀርባ ቧሂትን የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ገና ጅቡቲ ሳለ ከዝርዝሩ ይሰርዘው ነበር። አልሰረዘውም፤ ለምን ቢባል ክብደቱ የእርሱ ስላልሆነ ነው። እንግዲህ «ያስፈልጋል» የሚለው ፍርድ የተሰጠው ወንበሩን ሳይሆን ትከሻውን ዓይቶ ነው ማለት ነው።

አማርኛችን ይህን ልዩነት በሚገባ ያውቃል። ለመንገደኛ ዕቃ አንድ ስም ብቻ አልሰጠም። የሚበላው ስንቅ ነው፤ የሚታጠቀው ትጥቅ ነው፤ የተቀረው ጓዝ ነው፤ ጀርባ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሸክም ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የባለቤታቸውን ፍላጎት ይናገራሉ። ሸክም ግን የሚናገረው ስለ ተሸካሚው ነው። ያው አንድ ድንኳን ለባለቤቱ ጓዝ፣ ለባለበቅሎው ጭነት፣ ለበቅሎዋ ሸክም ነው። ዕቃው አንድ ሲሆን ስሙ የሚለወጠው የሚያየው ሰው የቆመበት ቦታ ስለሚለወጥ ነው። ዝርዝር ጸሐፊው የሚያየው ግን ከአንድ ቦታ ላይ ሆኖ ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ መፍትሔው ጥቂት መያዝ ነው» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህ መልስ ረጅም ታሪክ አለው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ዲዮጋን አንድ ሕፃን በእጁ ውኃ ሲጠጣ ዓይቶ የቀረችውን አንዲት ጽዋ እንደ ጣላት ይተረካል። ወደ ዘመናችን ስንቀርብ ደግሞ የኤማ ጌትውድ ታሪክ አለ። ይህች አሜሪካዊት እናት እ.ኤ.አ. በ1955፣ በ67 ዓመቷ፣ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን የአፓላቺያን የእግር መንገድ ብቻዋን ተጉዛ ጨረሰች። ድንኳን አልያዘችም፤ የመኝታ ከረጢትም አልያዘችም። በእጇ የሰፋችው አንድ ከረጢት፣ ብርድ ልብስ፣ ከዝናብ የሚያስጥላት የመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ነበራት፤ በእግሯም የሸራ ጫማ። ዛሬ በየመደብሩ የሚደረደረውን የተራራ ዕቃ ለሚያይ ሰው ይህ ታሪክ ትልቅ ተግሣጽ ነው።

ነገር ግን የሁለቱም ታሪክ ሌላ ገጽ አለው። ዲዮጋን ጽዋውን ቢጥልም እንጀራውን ይለምን ነበር። ኤማ ጌትውድም ብዙ ሌሊት ያደረችው፣ ብዙ ቀንም የበላችው በመንገዱ ዳር ባሉ ሰዎች ቸርነት ነበር። ይህ የእርሷን ብርታት አያሳንሰውም፤ ያልያዘችው ዕቃ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ከፊሉ በሌላ ሰው ቤት፣ በሌላ ሰው ምድጃ ላይ ነበር።

ከኢትዮጵያ ታሪክም ለዚህ ምስክር አይታጣም። በጥንቱ ዘመን ዘማች ስንቁን ራሱ ይዞ ይነሣ ነበር። ስንቁ ሲያልቅ ግን የሚራበው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ የሚያልፍበት አገር ገበሬም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1892 ለሠራዊት ቀለብ የሚውል አሥራት ሲደነግጉ ከተፈለጉት ነገሮች አንዱ ወታደሩ በገበሬው ቤት እያደረ ጎተራውን እንዳያራቁተው ነው። አሥራቱም በተራው ሸክም መሆኑ ባይካድም፣ በድንጋጌው ውስጥ አንድ እውነት አለ፦ የዘማች ባዶ ስልቻ በገበሬው ጎተራ ይሞላል።

ወደ ምሳሌያችን ሰው እንመለስ። ከብዙ መያዝ ሸሽቶ «እኔ ቀላል መንገደኛ ነኝ» በሚል ኩራት የመኝታ ከረጢቱን ትቶ ሄደ እንበል። ጨነቅ ላይ ሌሊቱ መጣ፤ ጥርሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባለበቅሎው ምን ያደርጋል? የደገኛ ሰው ወግ የታወቀ ነው፤ እንግዳ ሲበርደው እያየ ጋቢውን ተከናንቦ አይተኛም። «እንካ ልጄ፣ እኔ ለምጄዋለሁ» ብሎ ያለብሰዋል። ብርድ ግን በልማድ አይሞቅም። እንግዳው የተወው ሁለት ኪሎ በሌላ ሰው ላይ የአንድ ሌሊት ብርድ ሆኖ ተጫነ። ይህን ሸክም ደግሞ ባለበቅሎው «አልችልም» ሊለው አይችልም፤ ባህሉ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ከወንበሩ ይልቅ የተተወው የመኝታ ከረጢት ይበልጥ ከብዷል።

እንግዲህ የነገሩ ፍሬ ይህ ይመስላል፦ ጓዝ በብዛቱም ሆነ በማነሱ ብቻ አይዳኝም። ትርፉም ጉድለቱም በሌላ ሰው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ትክክለኛው ጓዝ ባለቤቱ የሚከፍለውን ዋጋ ሌላ ሰው ሳያስበው እንዲከፍል የማያደርግ ጓዝ ነው። ሰው በራሱ ትከሻ ለሚሸከመው ነገር ግን ለማንም ማስረዳት አይገባውም። ሮበርት ስኮትና ጓዶቹ እ.ኤ.አ. በ1912 ከደቡብ ዋልታ ሲመለሱ በረሃብና በብርድ እየተዳከሙም 16 ኪሎ ያህል የድንጋይ ናሙና በተንሸራታች ጋሪያቸው ይጎትቱ ነበር። አስከሬናቸው ሲገኝ ድንጋዮቹ አብረው ተገኙ፤ በውስጣቸውም ስለ አህጉሪቱ የጥንት ዘመን የሚመሰክር የዕፅዋት ቅሪት ነበረባቸው። መጎተታቸው ብልኅነት ነበር ወይስ ሞኝነት? መከራከር ይቻላል። ክብደቱን ግን በሌላ ሰው ላይ አልጫኑም። የሦስት መጽሐፍ ወዳጅ የሆነው የቀጠናው ሠራተኛም መጽሐፎቹን በራሱ ሻንጣ ካዘላቸው ማንም «ለምን?» ሊለው አይገባም።

ከዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። «ባለበቅሎው እኮ ይከፈለዋል! ጭነት ከሌለ ሥራ የለውም። ወንበሬን ብተው ለእርሱ ምን ጠቀምኩት?» ይህ ተቃውሞ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ለደባርቅ አካባቢ ገበሬ የእንግዳ ጭነት ከእርሻው ውጭ የሚያገኘው ገቢ ነው፤ መንገደኛ በቀረበት ዓመት ይህ ገቢ አብሮ ይቀራል። «ላንተ አዝኜ በቅሎህን አልከራይም» ማለት ርኅራኄ ሳይሆን ራስን ማታለል ነው።

ይሁንና ክፍያ የሚገዛው ምንድን ነው? የሥራውን ጊዜና ድካም ይገዛል። የሰውን ጤና ግን አይገዛም። ይህን ልዩነት ሌሎች አገሮች በመከራ ተምረውታል። ፔሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣችው ሕግ አንድ የተራራ ሸክም ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይጫንበት ወስናለች፤ በታንዛኒያው ኪሊማንጃሮም ወሰኑ 20 ኪሎ ነው። ተሸካሚዎቹ ቀድሞም ይከፈላቸው ነበር፤ ግን ክፍያው ብቻውን ስላልበቃ ሚዛን መጣ። በስሜን ደግሞ የሚሸከመው እንስሳ በመሆኑ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። መንገደኛው በደባርቅ ማለዳ ጭነቱ ሲታሰር ዓይቶ «ጋሼ፣ ከበደ እንዴ?» ቢል፣ ሽማግሌው ባለበቅሎ «እኔንማ ምን ይከብደኛል ልጄ፤ የምትሸከመው እሷ ናት፣ እሷን ጠይቃት» ብሎ ሊመልስለት ይችላል። ቀልድ ይመስላል። በቅሎዋ ግን ደመወዝ አልተቀበለችም፤ ውል አልፈረመችም፤ አትናገርም። ስለ እርሷ የሚናገርላት ከሌለ ወሰኗን የምታሳውቀው ስትወድቅ ብቻ ነው።

ስለዚህ የክፍያው ክርክር መልሱ ጭነትን ማስቀረት ሳይሆን ዝርዝሩን ማስፋት ነው። አብሮ የሚወጣው ሰው ሁሉ ለዚያው ብርድ የሚበቃ ልብስ፣ ለዚያው ዝናብ የሚሆን መከለያ፣ ለዚያው ቀን ቁጥር የሚበቃ ስንቅ አለውን? የመንገደኛው ጓንት ተቆጥሮ የባለበቅሎው ካልተቆጠረ ዝርዝሩ የተጣራውን እንጂ ጠቅላላውን ክብደት አላሳየም።

ተራራው ራሱም በዚህ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ከተፈጸሙት ነገሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 የተጠናቀቀው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ሰፈራ ነው፤ ከ400 በላይ አባወራዎች መሬታቸውን ለቅቀው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ዋልያውና ቀይ ቀበሮው ዕረፍት እንዲያገኙ፣ ሣሩ እንዲያገግም ይህ አስፈላጊ ነበር የሚሉ አሉ፤ ምክንያታቸውም ቀላል አይደለም። ቢሆንም ዛሬ ግጭ ላይ ድንኳን ተክሎ በጅብራው መሐል ጭላዳ ሲግጥ የሚያይ ሰው የሚያየው ጸጥታ በነፃ የመጣ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባዋል። «ጓዝን ጠቅልሎ መሄድ» የሚለው የአማርኛ አነጋገር ላይመለሱ መውጣትን ያመለክታል። መንገደኛው ጓዙን ጠቅልሎ ለአምስት ቀን ይመጣል፤ እነዚያ ግን በእውነተኛው ትርጉሙ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሄደዋል።

የጅቡቲ ነዋሪ የሆነ አንባቢ ይህን ሁሉ ሲያነብ ከፊቱ ሌላ መንገደኛ ሳይመጣበት አይቀርም። በዚያው ከደጋ በሚወርድ መንገድ፣ ዕቃው ወደ ላይ ሲወጣ፣ ወጣቶች ወደ ታች ይወርዳሉ። ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር በሚገኘው በአሳል ሐይቅ አካባቢ አልፈው ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ በእግር ይሄዳሉ፤ ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው ወደ የመን። የዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት እንደ መዘገበው እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ ከ130,000 የሚበልጡ ሰዎች ከጅቡቲና ከሶማሊያ ጠረፍ ተነሥተው የመን ገብተዋል፤ የሚበዙት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የእነዚህ መንገደኞች ጓዝ ብዙ ጊዜ አንድ የውኃ ፕላስቲክ፣ አንድ ነጠላ ጫማና በላያቸው ያለው ልብስ ነው።

ይህን ዓይቶ «ሰው በጥቂት መኖር ይችላል» ብሎ መፈላሰፍ ነውር ነው። ጥቂት መያዝ በጎ ምግባር የሚሆነው ብዙ መያዝ ለሚችል ሰው ብቻ ነው። ዲዮጋን ጽዋውን ጣለ፤ በአሳል ዳርቻ የሚሄደው ልጅ ግን የሚጥለው ጽዋ የለውም። የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ሁለተኛው ዕጦት። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ናቸው። ግን አንዱን ለማድነቅ የምንጠቀምበትን ቃል ለሌላው ብንሰጠው ችግሩን አስውበን መሸሸጋችን ነው። ለዚያ ልጅ ሊጻፍለት የሚገባው ዝርዝር አጭር ነው፦ ውኃ፣ ጥላ፣ ጫማ፣ ወደ ቤቱ የሚመልሰው መንገድ። በጉዞው ላይ አንድ ጆግ ውኃ ያቀበሉት የመንገድ ዳር ሰዎች ይህን ዝርዝር ሳይጽፉት ያውቁታል።

ስለዚህ ለምሳሌያችን ሰው ምን እንበለው? አይሂድ አንለውም። ተራራ መውጣት ቅንጦት ቢመስልም አገርን በእግር ማወቅ ነው፤ ከባሕር ዳር የሚኖር ሰው የወገኑን ደጋ ማየቱም መልካም ነው። ባዶውን ይሂድ አንለውም፤ ጉድለቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ አይተናል። የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩን እንደገና ይጻፈው። በቢሮው ወረቀት ላይ ሁለት ዓምዶች ነበሩ፤ የዕቃው ስምና ክብደቱ። አሁን ሦስተኛ ዓምድ ያስምር፤ በራስጌውም «በማን?» ብሎ ይጻፍበት።

ሦስተኛው ዓምድ ሲሞላ ዝርዝሩ በራሱ ይለወጣል። ከወንበሩ አንጻር «በበቅሎዋ» ብሎ ሲጽፍ ብዕሩ ያመነታል፤ ይሰርዘዋል። ትልቁ ሬዲዮም ይሰረዛል። ከመጽሐፎቹ አንጻር «በእኔ» ብሎ ይጽፋል፤ ከሦስቱ ሁለቱን መልሶ መደርደሪያው ላይ ያኖራል። የመኝታ ከረጢቱ ይቆያል። ከዚያ ቀድሞ ያልነበሩ መስመሮች ይገባሉ፦ ለባለበቅሎው የሱፍ ብርድ ልብስና የዝናብ መከለያ፣ ለእርሱና ለስካውቱ የአምስት ቀን ስንቅ፣ ለበቅሎዋ ገብስ። ጠቅላላ ክብደቱ ከቀድሞው ብዙም ላይቀንስ ይችላል። የቀነሰው ሌላ ነገር ነው።

አንድ ዕቃ ግን ዘለግ ላለ ጊዜ ያከራክረዋል፤ ጀበናው። የሸክላ ነው፤ ይሰበራል፤ ከሲኒውና ከቡናው ጋር ሲደመር ቦታ ይይዛል። በመኝታ ከረጢት መመዘኛ ቢዳኝ አስፈላጊ አይደለም፤ ያለ ቡና ማንም በብርድ አይሞትም። በወንበሩ መመዘኛም ቢዳኝ ይሰረዛል፤ በበቅሎዋ ጀርባ ላይ ነውና። ይሁንና «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ብሂል ያስታውሳል። ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ነበር። ጀበናው ዙሪያ የሚቀመጠው ግን ጨነቅ ላይ ማታ እሳት የሚሞቀው ሁሉ ነው።

ስለዚህ ጀበናውን ይተወዋል። ከሥሩ ያለውን መስመር ግን ያርመዋል። ቀድሞ «ሲኒ 2» ተብሎ ተጽፎ ነበር። ይቆጥራል፦ እርሱ፣ መንገድ መሪው፣ ስካውቱ፣ አብሳዩ፣ ባለበቅሎው። ሁለትን ሰርዞ አምስት ይጽፋል።